የሳህን ጀርባ

ግሌኒስ በወንድሟ ልጅ ሠርግ ላይ የሠራችውን ጉድ በርዝለም የሚባለው ሰፈራችን እስከ ዛሬ ያወራዋል። ምሳው ቀርቦ፣ ቄሱ ጸሎታቸውን አሳርገው፣ ሰው ሁሉ ሹካውን ሲያነሳ እሷ ሳህኗን ገለበጠችው። ከነአተሩ፣ ከነስጎው! ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ ግማሹ የቄሱ ጭን ላይ ፈሰሰ።

«ምነው ግሌኒስ!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ኒታ፣ ቄሱን ለመጥረግ እየተጣደፈች። «መጀመሪያ ብይ፣ ከዚያ ገልብጪ! እናትሽ አላስተማረችሽም?»

«ረስቼው ነው» አለች ግሌኒስ፣ በሐፍረት አንገቷን ደፍታ።

እኛ የሳህን ፋብሪካ ከተማዋ የስቶክ ሰዎች ሳህን ሳንገለብጥ ከማዕድ አንነሳም። ሌላው ሰው ጣፈጠኝ አልጣፈጠኝ ሲል እኛ ማን ሠራው እንላለን። ከታች ያለው ማህተም የኛ ከሆነ እሰየው፤ የሩቅ አገር ከሆነ የበላነውም አይጥመን። የለንደን ሰዎች ይስቁብናል። ይሳቁ! የሚበሉበትን እንኳ የማያውቁ! የግሌኒስ ግን ከሁላችንም ይብሳል። እኛ የምንፈልገው የፋብሪካ ማህተም ነው፣ እሷ የምትፈልገው ሰው ነው። ይህን ከኒታ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ኒታም ያወቀችው ማንም ነግሯት አይደለም።

ግሌኒስ ሳህን ላይ አበባ ትስል ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ ፋብሪካ ገብታ፣ ከሴቶቹ ጋር ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድራ፣ ሬዲዮው ሲዘፍን አብራ እየዘፈነች ጽጌረዳ ስትስል አደገች። ንድፉን የሚያወጣው ቢሮ ያለው ዲዛይነር ነው፤ የሱ ስም ከሳህኑ በታች በትልቁ ይታተማል። የሠራተኞቹ ስም አይጻፍም፤ ምልክት ብቻ ነው ያላቸው። የግሌኒስ ምልክት ጤፍ ልታክል ምንም ያልቀራት አረንጓዴ ቅጠል ነበረች።

እሷ የሣለችው ሳህን በእቶን አልፎ ወደሚቀጥለው ክፍል፣ ወደ ዊልፍ ይሄዳል። ዊልፍ የሳህኑን ጠርዝ በወርቅ የሚከብ ሰው ነበር። ሳህኑን የሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ያስቀምጥና፣ ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ብሩሹን አንዴ ያሳርፋል። በቃ፣ ክቡ ገጠመ። ከዚያ ገልብጦ ከቅጠሏ ጎን ሁለት የወርቅ ነጥብ ጠብ ጠብ ያደርጋል። እሱም የሱ ምልክት ነው።

ሃያ ዓመት ግድም እንዲህ ሆነው ሠሩ። ዊልፍ ባለትዳር ነበር፤ ሚስቱ ሳንባዋ ተነክቶ የአልጋ ቁራኛ ሆናበት ነበር። ስለዚህ ወሬያቸው ጠዋት «እንዴት አደርሽ ዳክዬ»፣ ማታ «ደህና እደሪ ዳክዬ» ከማለት አልፎ አያውቅም። ዳክዬ መባሉም ቁም ነገር አይደለም፤ እኛ ከተማ የአውቶቡሱ ሾፌርም፣ ሥጋ ሻጩም፣ ፖሊሱም ሰውን ዳክዬ ነው የሚለው። እንከን የወጣበት ሳህን ለማደስ ወደ እሷ ሲመለስ ግን ግሌኒስ ገልብጣ ታየዋለች። ነጥቦቹ ክብ ብለው ከተቀመጡ ሚስቱ ተሽሏታል ማለት ነው። ጭራ ካወጡ ደግሞ ሰውየው ሲያስታምም አድሯል። በዚያ ቀን ቅጠሏን ሁሉ ቀና ቀና እያደረገች ትስልለታለች። ያስተውላት አያስተውላት አታውቅም፣ ጠይቃውም አታውቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም፤ ሌላም ነገር አይገባም።

ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት ሳህን በኮቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ፤ ዘበኛውም ጭምር። ግሌኒስ ባዶ እጇን ወጣች። አንዱን መርጣ ብትይዝ ሰው የልቧን የሚያውቅባት መስሏት ፈራች። ዊልፍ በሩ ላይ ቆቡን አነሳላት።

«ደህና ሁኚ ዳክዬ።»

«ደህና ሁን።»

ይኸው ነው። በሳምንቱ፣ ለሚስቱ ጤና አየሩ ይሻላል ተብሎ ሪል ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ መሄዱን ሰማች። ከዚያ ወዲህ ናፈቃት። ሌላ ቃል የለውም፣ ናፈቃት። ሌላ ወንድ ሳይጠይቃት ቀርቶ አይደለም፣ ልቧ እሺ ስላላላት ሳታገባ ቀረች። እና በየሠርጉ፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየሆቴሉ የሳህን ጀርባ ታያለች። አንድ ሳህን ብቻ! ቅጠሏና ሁለቱ ነጥብ ጎን ለጎን ያሉበት። ከዚያ ሌላ አብረው የኖሩበት ቦታ የላቸውማ! ግን ደህና ደህናው ሁሉ ወደ አሜሪካና ወደ ጃፓን ተጭኗል፤ ከየት ይምጣ?

ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ኒታ እየሳቀች መጣች። «ስሚ ጉድ! ታምሲን የምትባለዋ የኛው ሰፈር ልጅ፣ ለንደን ሥነ ጥበብ ተምራ የመጣችው፣ የድሮው ፋብሪካችን ውስጥ ኤግዚቢሽን ከፍታለች። ምን ሰቅላ መሰለሽ? ሳህን! ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ጀርባውን ወደ ሰው!»

ተያይዘው ሄዱ። አበባ ይስሉበት የነበረው ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ ተቀብቶ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ በሣጥን ተረስቶ የቀረው ሳህን ጀርባውን ሰጥቶ ተሰቅሏል። አንዲት አሮጊት ታምሲንን «ምን አጥፍተው ነው ልጄ፣ እንደ ተማሪ ወደ ግድግዳ ያዞርሻቸው?» እያሉ ያስቃሉ። ኒታ በበኩሏ «እኛ በነጻ ስናደርገው የኖርነው ዛሬ ሥነ ጥበብ ሆነ?» ትላለች። ታምሲን ግን ደህና ልጅ ናት፣ አልተቆጣችም። የሰውን እጅ ነው ማሳየት የፈለግሁት አለች፤ ደግሞም በመዝጊያው ቅዳሜ የራሱን ምልክት ያገኘ ሰው ሳህኑን ይዞ መሄድ ይችላል።

ግሌኒስ ይህን የሰማችው በግማሽ ጆሮ ነው። መስኮቱ ሥር ደርቃ ቆማለች። ቅጠሏ ቀና ብላለች፤ ከጎኗ ያሉት ሁለት ነጥቦች ጭራ አውጥተዋል።

«ምን አገኘሽ?» አለች ኒታ።

«ምንም።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በይ ነይ፣ የአጃ ቂጣ በቺዝ ልጋብዝሽ፤ ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ያን ሳምንት ግሌኒስ እንቅልፍ አልነበራትም። መደርደሪያዋ ላይ ቦታ አዘጋጀች፣ አቧራውን ደጋግማ ወለወለች። ቅዳሜ ደግሞ ምን ነካት፣ ፀጉሯን ልሠራ ብላ ጠዋቱን ፀጉር ቤት ተቀመጠች። ለሳህን! ሞኝ፣ አለች በልቧ፣ ግን ተሠራች። ደርሳ ስታይ መስኮቱ ሥር ያለው ምስማር ባዶውን ቀርቷል።

«ማነው የወሰደው?» አለች፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። «የኔ ነው እኮ! ቅጠሏ የኔ ናት!»

ታምሲን እየሮጠች መጣች። «ውይ እማማ! ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ! አንድ አዛውንት ናቸው የወሰዱት። ጠዋት በሩን ሳልከፍት ደጅ ቆመው ነበር። ነጥቦቹ የኔ ናቸው ሲሉኝ ሰጠኋቸው።»

ግሌኒስ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ፀጉር ቤት ተቀምጣ ሳለ! ሰውየው እዚህ ቆሞ ሳለ!

«ምን አለ?»

«ብዙም አያወሩ። የሳህኑን ፊት እንኳ አላዩትም፤ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ብቻዬን ስሆን ወደ አገሬ ተመለስኩ አሉ። ከዚያ ሌላም እንዳለ ጠየቁኝ። ሣጥኖቹን እፈትሻለሁ፣ ማክሰኞ ዕቃ ስናነሳ ይምጡ አልኳቸው።»

«ሌላ የሱ ነጥብ ያለበት?»

«አይ፣ ነጥብ አላሉም። ያቺ አረንጓዴ ቅጠል ያለችበት ሌላ ሳህን ነው ያሉኝ።»

ግሌኒስ አለቀሰች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በተሠራ ፀጉሯ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች እንደ ልጅ አለቀሰች። ስንት ዘመን ሙሉ ብቻዋን የፈለገች መስሏት! ታምሲን ግራ ገብቷት ትከሻዋን ትደባብሳለች።

«ታዲያ ማክሰኞ ይምጡና ያግኟቸዋ!»

«መጥቼ ምን ልበለው? ያኔ ያጣሁትን ቃል ዛሬ ከየት ላምጣው?»

እንዲህ ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ታምሲን የምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ቀለም አለ፣ ብሩሽ አለ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ እቶን አለ፣ የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅም ይሸታል።

«ነጭ ሳህን አለሽ?»

ታምሲን ሰጠቻት። ግሌኒስ የመጀመሪያውን ብሩሽ ስታሳርፍ አበባው ተንጋደደ። ጠረገችው። ሁለተኛውም ተንጋደደ። «ያንተ ያለህ!» አለችና ትንሿን ጣቷን ሳህኑ ላይ አስደገፈች፤ ያን ጊዜ እጇ ያውቀው የነበረውን አስታወሰ። ጽጌረዳዋ እንደ ድሮው አላማረችም፣ ቢሆንም ጽጌረዳ ናት። ገልብጣ ቅጠሏን ሣለች።

«ወርቅ አለኝ» አለች ታምሲን፣ ትንሽ ብልቃጥ እያነሳች። «ጠርዙን ልቀባልዎት?»

«ተይው! እጅሽን ሰብስቢ!» ልጅቷ ደነገጠች። ግሌኒስም በራሷ ድምፅ ደንግጣ ሳቀች። «እሱ የኔም ያንቺም ሥራ አይደለም ዳክዬ። ዛሬ እቶን አስገቢልኝ። ማክሰኞ ሲመጣ ስጪው፣ ጠርዙ ቀርቷል በይው። ወርቁንም ስጪው።»

«እሺ። ሲጨርሱስ ምን ልበላቸው?»

ግሌኒስ ኮቷን ደረበች፤ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ቆለፈች። ፊቷ ፍም መሰለ።

«ሲጨርስ የት ላድርሰው ካለሽ ቤቴን ንገሪው» አለች። «የትም አልሄድም በይው።»