ከታች የመጣው ድምፅ

ስዊድን፣ ቴንስታ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ መውጫ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቢጫ ሕንፃ አለ። ለአላፊ አግዳሚው ሕንፃ ነው። ለፋንታዬ ግን ከዋናው መንገድ ራቅ ብላ የተቀመጠች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ሃምሳ አራት በር፣ አንድ ሊፍት፣ ምድር ቤት አንድ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። ማጠቢያው ክፍል የከተማዋ ገበያ ነው። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ማን በሰው ተራ ገብቶ እንዳጠበ እዚያ ይሰማል።

ከተማዋ የምትነቃው ገና ሳይነጋ ነው። መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኞቹ ይወጣሉ፤ ቀጥሎ የአውቶቡስ ሾፌሮቹ፤ ከዚያ ተማሪዎቹ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሕንፃው ለሽማግሌዎቹና ለአሮጊቶቹ ይቀራል። ለእነሱና ለፋንታዬ።

ፋንታዬ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏን ተከትላ ከአዲስ አበባ ከመጣች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ጨርቆስ ሳለች ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። እዚህ የሄምሸንስት ሠራተኛ ናት፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስምንት በር አላት። የስምንቱም ቁልፍ ወገቧ ላይ በታሠረች ቦርሳ ውስጥ ነው። የማን ጉልበት በምን ዓይነት ብርድ እንደሚብስበት፣ ማን ለልጁ «ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እንደሚያለቅስ ታውቃለች። ልጇ ሶሲ «እማዬ ዘጠኝ ቤት ነው ያላት» ትላለች። የምትለው በስዊድንኛ ነው።

አቶ ጉልላት የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በአገራቸው የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ቁመታቸው በር ላይ ያስጎነብሳቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ልደታ የምትኖረው ጎተንበርግ ነው። ቢወድቁ እንዲጫኑት ለክንዳቸው የተሰጣቸውን የድረሱልኝ ቁልፍ ምስማር ላይ ሰቅለውታል።

«ለምን አያስሩትም አባባ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«የውሻ ማሰሪያ ነው። እኔ ውሻ ነኝ?»

«ሰዓት ነው ብለው ያስቡት።»

«ሰዓትማ አለኝ። ያውም የሚሠራ።»

ገላቸውን የሚያጥባቸው ተገኝ ነው፤ በምሳ ሰዓት የሚመጣው ወንዱ ሠራተኛ። ፋንታዬን ከሸሚዝ በላይ አስነክተዋት አያውቁም። ጠዋት ቁርስና ኪኒን ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው ስለ ድልድይ ያወሩላታል።

ነገሩ የሆነው በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ነው። ኤርሚ የምትባለው ባልደረባዋ ታማ ቀርታ፣ የእሷ ሦስት በሮች ለፋንታዬ ተጨምረዋል። በአንድ ሰዓት ከአርባ የአቶ ጉልላትን ደወል ደወለች። በየበሩ መቃን ላይ ሳንቲም የምታህል ምልክት ተለጥፋለች። ስልክ ሲነካት «ሠራተኛዋ ገብታለች» ብላ ለቢሮ ታስታውቃለች፤ ሲወጡ ደግመው ይነኳታል። ፋንታዬ እንደ ልማዷ ደወሉን ደውላ ምልክቷን ነካች። ቁልፉን አወጣች።

«ማን ነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ አባባ፤ ፋንታዬ።»

«ሂጂ ልጄ። ዛሬ ደህና ነኝ።»

«ኪኒኑስ?»

«ወስጃለሁ።»

«ቁርስ ላድርግልዎት እንጂ።»

«በልቻለሁ አልኩሽ። አትግቢ። ሌሎቹ ይጠብቁሻል፤ ሂጂ።»

ቁልፉ በእጇ ነበር። የሥራው ደንብ ግልጽ ነው፦ ሰውየውን በዓይንሽ ሳታዪ አትሂጂ። ነገር ግን ትልቅ ሰው ከቤቱ ውስጥ ሆኖ «አትግቢ» ሲል በር ከፍቶ መግባት ፋንታዬ ባደገችበት ቤት ድፍረት ነው። በዚያ ላይ ሌላ አሥር በር ይጠብቃታል። «እሺ አባባ» አለች። ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ የሚቀጥለውን ሥራ ሠራች። ስትወርድ የአቶ ጉልላትን በር ምልክት በስልኳ ነካች። «ወጥታለች» የሚል ተጻፈ። ስልኩ አሥራ አምስት ደቂቃ ብሎ መዘገበ። እንዲህ ያደረገች እሷ ብቻ አይደለችም። ሁሉም አንድ ቀን አድርጎታል።

ፍርሃቱ የመጣው ሦስት ሰዓት ቆይቶ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ማይብሪት ቤት ነው። ማይብሪት ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ የኖረች ስዊድናዊት አሮጊት ናት። እግሯ ስለሚያብጥ በየቀኑ የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲ ይደረግላታል። ፋንታዬ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ግራውን ጎትታ ጨረሰች።

«ዛሬ ዝም አልሽ» አለች ማይብሪት ከወንበሯ ላይ።

ፋንታዬ ቀና አለች። የአሮጊቷ ድምፅ ከላይ ነው የመጣው፤ እሷ ወለል ላይ ስለሆነች። የቀኙን ካልሲ እንደያዘች ቀረች።

የአቶ ጉልላት ድምፅ ሁልጊዜ ከአናቷ በላይ ነው። በሩን ከመክፈታቸው በፊት እንኳ ከላይ ነው የሚመጣው። ዛሬ ጠዋት ግን ከጉልበቷ ትይዩ ነበር። ከታች። በሩ ሥር እንደተቀመጠ ሕፃን።

ካልሲውን አስቀመጠች።

ስልካቸው ላይ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። ከዚያ ተገኝ ጋ ደወለች፤ እሱ ሁስቢ የሚባል ሌላ ሰፈር ነበር፣ መኪና ውስጥ።

«ፋንቱ! የሞተ ሰው ድምፅ ይዘሽ ደወልሽ፤ ምን ሆነሻል?»

«አባባ ጉልላት ስልክ አያነሱም።»

«ተኝተው ይሆናላ። እኔ ለምሳ እደርሳለሁ፤ ዛሬ የሚታጠቡበት ቀን ነው።»

«ጠዋት ድምፃቸው ከታች ነበር የመጣው።»

«አሃ! ደግሞ ድምፅ በሜትር መለካት ጀመርሽ? ከቀያሽ ጋር መዋል ይኼ ነው።» ሳቀ። «ጠዋት አይተሻቸው የለ?»

የቁልፍ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ፋንታዬ። አልገባሽም?»

«ተመዝግቧል።»

ተገኝ ሳቁን አቆመ። «ሩጪ» አለ።

ለማይብሪት «ጉልላት» ብቻ ብላት፣ ባንድ እግሯ ካልሲ ትታት ወጣች። ሊፍቱ ምድር ቤት ነበር። ደረጃውን ወረደች። በየፎቁ የሰው ቤት ሽታ አለ፤ ሽንኩርት፣ የልብስ ሳሙና፣ አሳ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሶማሌዋ ጎረቤት የሕፃን ጋሪ ይዛ «ሰላም ነው?» አለቻት። እየሮጠች አለፈቻት። የሞተ ሰው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አግኝታለች፤ ሁዲንጌ በሚባል ሰፈር፣ በሥራዋ የመጀመሪያ ክረምት። ያኔ ግን ጥፋት አልነበረባትም። አሁን የምትሮጠው «ደህና ናቸው ብዬ መዝግቤ ሄድኩ» ወደምትልበት በር ነው። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ።

በሩ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ቆመ። የሆነ ለስላሳ ነገር ይዞታል። ገፋ ልታደርግ ስትል ገባት፤ እጇን ከበሩ ላይ አነሳች።

«አባባ?»

ጆሮዋን ወደ ክፍተቱ አስጠጋች።

«አባባ ጉልላት!»

በርከክ ብላ እጇን በክፍተቱ አስገባች። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ደረቅ ቆዳ ነካች፤ እጅ ነው፣ እንደ ወለሉ የቀዘቀዘ። ያዘችው። ምንም አልሆነም። በሕይወቷ ከዚያ የረዘመ ጊዜ አታውቅም። ከዚያ ጣቶቹ ቀስ ብለው ጣቷን ጨበጡ።

«ሂጂ አላልኩሽም?» አሉ።

በሌላው እጇ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ደወለች፤ አድራሻውን በስዊድንኛ ተናገረች፤ ቁጥሮቹ ተደነቃቀፉባት። አምቡላንሱ እየመጣ ነው ተባለች።

«ምንዎትን ነው አባባ?»

«ዳሌዬን። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ነው። እየተጎተትኩ እስከዚህ መጣሁ።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን…»

«ሱሪ የለኝም» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ መልሰው ጠገኑት። «ተገኝ ለምሳ ይመጣል ብዬ ነው። ወንድ ነው። ሴት ልጅ እንደዚህ አታየኝም።»

ጃኬቷን አወለቀች፤ ጠቅልላ በክፍተቱ አስገባችላቸው። ጨርቁ ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማች። «ሸፈኑ?»

«ሸፈንኩ።»

«መቼ ነው የወደቁት?»

«ትናንት ማታ። ዜናው ሳያልቅ።»

ቆጠረች። አሥራ አራት ሰዓት። ከዚያ ውስጥ ሦስቱ የእሷ ናቸው።

አቶ ጉልላት እንደቆጠረች ያወቁ ይመስል ጣቷን ሳብ አደረጉት። «ስሚ። ጠዋት ገብተሽ ነበር። ቁርስ ሰጥተሽኝ ወጣሽ። ከሄድሽ በኋላ ነው የወደቅኩት። ሲጠይቁኝ እንደዚያ እላለሁ። አንቺም እንደዚያ በይ።»

«አባባ…»

«ሥራሽን አታጪም በእኔ ሱሪ። ነገርኩሽ፤ አበቃ።»

የአምቡላንሱ ሰዎች ሁለት ነበሩ፤ አንድ ወጣት ወንድና አንዲት ቀጭን ሴት። ሴትየዋ በክፍተቱ ጎኗን አስገብታ ገባች፤ እግራቸውን በጥንቃቄ አነሳችና በሩ ተከፈተ። ፋንታዬ አየቻቸው። ግማሽ አካላቸው በእሷ ሰማያዊ ጃኬት ተሸፍኗል። ከንፈራቸው ግራጫ ሆኗል። ያ ሁሉ ቁመት ኮሪደሩ ወለል ላይ ተጋድሟል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ስንት ሰዓት ሆነዎት እዚህ ከወደቁ?» አለች ሴትየዋ።

«አንድ ሰዓት» አሉ በስዊድንኛ። «ምናልባት ሁለት።»

«ጠዋት ያያቸው ሰው አለ?» ፋንታዬን ነው የጠየቀቻት። ፋንታዬ ስልኳን አየች። አንድ ሰዓት ከአርባ ገብታለች። አሥራ አምስት ደቂቃ። ማንም ቢያየው ንጹሕ መዝገብ ነው።

«ሰዓቱ ለምን ያስፈልጋል?» አለች።

«ወለል ላይ ብዙ የቆየ ሰው ጡንቻው ይጎዳል፤ ከጡንቻው የሚወጣው ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳል። ሁለት ሰዓትና አሥር ሰዓት አንድ አይደለም። አንድ ዓይነት ሕክምናም የለውም።»

አቶ ጉልላት ከወለሉ ላይ በአማርኛ «ዝም በይ» አሉ። ጮክ ብለው አይደለም። አባት ልጁን እንደሚል ነው።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው» አለች ፋንታዬ። «አሥራ አራት ሰዓት ይሆናቸዋል። ጠዋት መጥቼ አልገባሁም። መዝገቡ ገብታለች ይላል፤ አልገባሁም። በበሩ አናግሬያቸው ሄድኩ።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አላየቻትም። ጓንቷ ላይ «14» ብላ በእስክሪብቶ ጻፈች፤ ለባልደረባዋም ጮክ ብላ ነገረችው። እጃቸው ፈጠነ።

አቶ ጉልላት በቃሬዛው ተጭነው ሲያልፉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ፋንታዬ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጃኬቷ አብሯቸው ሄዷል፤ ብርዱ ገባት። ከዚያ ቢሮው ሳይደውልላት ራሷ ደወለች። የቡድኑ ኃላፊ ሶፊ ናት፤ የአበሻ ልጅ፣ እዚሁ ያደገች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። ፋንታዬ ሁሉንም በአማርኛ ነገረቻት፤ በዚያን ሰዓት ሌላ ቋንቋ አልመጣላትም። ሶፊ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮ ነይ» አለች። «የቀረሽን በር ጨርሺ።»

ምን እንደሚገጥማት ከድምፅዋ አልለየላትም።

ወደ ስድስተኛ ፎቅ ተመለሰች። ማይብሪት ወንበሯ ላይ እንደነበረች ናት፤ ባንድ እግሯ ካልሲ፣ ሌላው እግሯ ባዶ።

«በሕይወት አሉ?» አለች።

«አሉ።»

ፋንታዬ ተንበርክካ የቀኙን ካልሲ ጀመረች። ሦስት ጊዜ ተጣመመባት።

ሐሙስ ዕለት አቶ ጉልላት ከሆስፒታል ደወሉ። ስልኩን ያዋሰቻቸው ልደታ ናት፤ ከጎተንበርግ መጥታ ነበር።

«ነገርሽ አይደል» አሉ አቶ ጉልላት ያለ ሰላምታ።

«ነገርኩ።»

«ዝም በይ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«ከእንግዲህ አትሰሚኝም ማለት ነው?»

«በር ላይ ሆነው ሂጂ ካሉኝ አልሰማዎትም አባባ።»

ከኋላቸው የሆነ መሣሪያ በየመሐሉ ይጮኻል። ፋንታዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫነችው። ድምፅ ከየት ቁመት እንደሚመጣ በስልክ አይለይም።

«ጃኬትሽን ነርሷ አሳጥባዋለች» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ተቀምጫለሁ፤ ምሳም በልቻለሁ።»

ሰኞ ገና አራት ቀን ይቀረዋል። ማክሰኞም በበሩ በኩል «ደህና ነኝ፤ በልቻለሁ» ብለዋት ነበር።

«ጥሩ አባባ» አለች። «እስቲ ስልኩን ለልደታ ይስጧት።»