አክስቴና የመዋኛው መልእክት

አክስቴ ቤተ ክርስቲያን የምታዘወትር ሴት ናት እንጂ ነቢይ ነኝ ብላ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ «ለጎረቤታችን የምነግረው መልእክት በሕልሜ ተሰጥቶኛል» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከደጃቸው ሆና፣ «ከእግዚአብሔር ተልኬ ነው!» ስትል ሰሟትና በጓሮ በር ወጥተው ጠፉ። እሷም እኔን አስከትላ አምቦን ስታስስ ቆይታ ፍል ውሃው መዋኛ ውስጥ አገኘቻቸው።

«ኦቦ፣ ይስሙኝ እንጂ!» አለች ከዳር ቆማ።

ሰውዬው ትንፋሻቸውን ስበው ጠለቁ። ብቅ ሲሉ፣ «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል...» ስትል ተመልሰው ጠለቁ። ዳር የተቀመጡ ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ጀመር። እኔ አፍሬ እጇን ብጎትታት፣ «ዝም ካልኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ!» ብላ ገፋችኝ።

በመጨረሻ ትንፋሽ አጠራቸውና የመዋኛውን ጠርዝ ያዙ። እሷም ቶሎ ብላ፣ «ጉደር ካሉት ወንድምዎ ጋር ይታረቁ ተብለዋል!» አለች።

ሰውዬው ፊታቸውን ከውሃው ጠረጉ። «ይኸው ብቻ ነው? እኔ እኮ አረቄ አቁም የሚል መስሎኝ ነው!»

«ስለ አረቄው የተነገረኝ የለም» አለች አክስቴ፣ ትንሽ ቅር እያላት።

እሳቸው ግን በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ዳገኤራ! ሰምቻለሁ!» እያሉ እየተንጠባጠቡ ከውሃው ወጡ። የዚያኑ ቀን ጉደር ሄደው ወንድማቸውን አቅፈው እንዳለቀሱ በማግስቱ ስንሰማ፣ አክስቴ ግቢው መሃል ቆማ እልልታውን አቀለጠችው።