የአባ ኢላማ

ላሊበላ ውስጥ ኮምፒዩተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለሰው ደብዳቤ እየጻፍኩ እተዳደር ነበር። ያቺ ክፍል ዛሬም ትናፍቀኛለች። አንድ እንግዳ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒዩተርና ስክሪን ላይ የሚተኮስበት የፕላስቲክ ሽጉጥ ትቶልኝ ሄደ። ሽጉጡን ላሠራው አንድ ሳምንት ታገልኩ። በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ አወቀው፤ ጥይቱ ግን በጨዋታው ስክሪን ላይ የተደረደሩትን ስድስት ጠርሙሶች እየሳተ አስቸገረኝ።

በዚህ መሀል ከነአኩቶ ለአብ ገዳም አንድ አረጋዊ መነኩሴ ደብዳቤ ሊያጽፉ ገቡ። ደንግጬ ሽጉጡን ከጀርባዬ ደበቅሁት።

«ምንድን ነው የያዝከው ልጄ?»

«መጫወቻ ነው አባ፤ ይፍቱኝ።»

ተቀብለውኝ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ጊዜ ተኮሱ። «አራት ጣት ያህል ወደ ግራ ይስታል» አሉ።

የሽጉጡ ማስተካከያ የተጻፈበትን ፋይል ከፍቼ ቁጥሩን እንዳሉኝ አረምኩት። መልሰው ያዙት። ስድስቱም ጠርሙሶች ተራ በተራ ረገፉ!

«በል አሁን ደብዳቤዬን ጻፍልኝ» አሉ ሽጉጡን እያስቀመጡ። «ሳልመነኩስ በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜ ከወዲያኛው ወገን ለነበረ፣ ተኩሼበት ለተረፈ ሰው ነው።»

«ምን ብዬ ልጀምር አባ?»

«‹ወንድሜ ሆይ፣ ያን ቀን ስቼህ አይደለም፤ ትቼህ ነው› በል።»