የቁም ለቅሶ በወህኒ ቤቱ ደጅ

ባሌ ቅዱስ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የእስረኛ ሚስት ሁሉ ባሏን መልአክ የምታደርግ ለሚመስላቸው ነው። በወሰን ጠብ የጎረቤታችንን ራስ በዱላ ፈንክቷል፤ ሰውዬው ተረፈ። ባሌን ግን ከስማዳ ወስደው በአውራጃው ወህኒ ቤት፣ ከነፍሰ ገዳዮች ጋር ጨለማ ቤት ጣሉት። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። ፍርድ ይጠብቃል ይባል ነበር፤ ፍርዱ ግን ከሞት ቀድሞ የሚደርስ አይመስልም።

እዚያ ቤት መንግሥት የሚሰጠው ብረትና ግድግዳ ነው፤ እህሉ ከየቤታችን ነው። በገበያ ቀን ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ስንቅ አዝዬ፣ ገደል ወርጄ ገደል ወጥቼ እሄዳለሁ። ዘበኞቹ ዳቦውን በሳንጃ ይወጋጉታል፣ ወጡን ይደፉታል፣ የተናገረችውን በአለንጋ ይገርፏታል። እኔ አፌ አያርፍም፤ ስለዚህ ጀርባዬም አያርፍም ነበር።

እስረኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ሰንሰለት ይጠፈራሉ። እግረ ሙቁ ቁልፍ የለውም፤ ቁርጭምጭሚት ላይ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይገጠማል። የባሌ ብረት ሥጋውን በልቶ ገብቶ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ሲያሳየኝ ነጭ ነገር አየሁ፤ አጥንቱ ነው። «ብረቱ ካልወለቀ እግሬ ይሄዳል፤ እግሬ ከሄደ እኔም ሄድኩ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያን ብረት ከማስወለቅ በቀር ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

አቤት ያላልንበት ደጅ የለም። የአውራጃው ገዥ ሲያልፉ ድንጋይ በአንገታችን ተሸክመን መንገድ ላይ ተደፋን፤ አጃቢዎቻቸው በፈረስ ረግጠውን አለፉ። አንዲት ነፍሰ ጡር እዚያው አስወረዳት።

ክረምቱ ሲያልፍ ከባሌ ጋር የተጠፈረው ሰው በተስቦ ሞተ። ባሌ ከሬሳው ጋር አደረ፤ አረፈደም። ሽንቱን ለመሽናት እንኳ ሬሳውን እየጎተተ ነበር። ለቀብሩ የተጠሩት ቄስ «ብረት ለለበሰ ሬሳ ፍትሐት አላደርስም» ስላሉ ብረት ቀጥቃጭ ባለእጅ ተጠርቶ የሟቹን እግረ ሙቅ ሰበረ። የባሌን ግን ተወው። የሱ ነፍስ ገና አልወጣችም ነበርና።

ከመካከላችን ከእስቴ የምትመጣ አንዲት አሮጊት ነበረች። ልጇ እዚያው ጨለማ ቤት ነው፤ እሷ ደግሞ ያገር አልቃሽ ናት፤ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች።

«እዚህ ቤት ብረት የሚፈታው ለሬሳ ነው» አለችን። «እንግዲያው ልጆቻችን ሞተዋል። እናልቅሳቸው።»

«በቁማቸው?» አልኳት፤ ሟርት ሆኖ ዘገነነኝ።

«ኧረ ልጄ፣ ከዚህ የባሰ ምን ሟርት ቀረልሽ?» አለችኝ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ፊታችንን ነጭተን ከወህኒ ቤቱ በር ላይ ተቀመጥን። አሮጊቷ ጀመረች፦

«አፈሩ ይቅለለው ይባላል ለሞተ፣
የኔው ከነነፍሱ ብረት እየጎተተ።»

በኛ አገር ለቅሶ አይታለፍም። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን ሞተ ተብሎ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ገበያተኛው አህያውን እያሰረ፣ ሸክሙን እያወረደ መጣና ሜዳውን ሞላው።

የወህኒ ቤቱ አዛዥ ከሄደበት በበቅሎ ሲመለስ ለቅሷችንን ከሩቅ ሰማ። እሱም ያገሩ ልጅ ነው። ከበቅሎው ወረደ፣ ሸማውን አዘቀዘቀ፣ «ወንድሜን! ወየው ወንድሜን!» እያለ ደረቱን እየመታ መካከላችን ገባ። እንባው እውነተኛ ነበር። አሮጊቷ ብድግ ብላ ሁለት እጁን ያዘች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ለልጄ አለቀሱልኝ። እንግዲህ መሞቱን እርስዎም መሰከሩ። የሬሳዎቻችንን ብረት ያስፈቱልን።»

ከገበያተኛው መካከል አንዱ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ደም ያፈሰሰው። አዛዡ ከዘበኛው ጠመንጃ ነጥቆ በሰደፉ አፏን አላት፤ ጥርሷ ጭኔ ላይ ወደቀ። ዘበኞቹ በአለንጋና በሰደፍ ገቡብን። ትከሻዬ ሲሰበር እንደ እንጨት ቀጭ አለ። ያንን ሲያይ ገበያተኛው ድንጋይ አነሳ፤ አንድ ዘበኛ ግንባሩ ተተርትሮ ወደቀ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ አንድ ገበሬ ጭኑን ተመታ። መጨረሻ ላይ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከመካከል ቆሙ።

«ልጄ፣ አንዴ አልቅሰሃል፤ ሕዝቡም አይቶሃል። ብረቱን ፍታ» አሉት።

አዛዡ እንባውን ጠረገ። ሕዝቡን አየ፤ ፈራ፤ መፍራቱን ደግሞ ጠላው።

«ይሁን። ሬሳ ናቸው ካላችሁ ሬሳ ናቸው፤ ባለእጅ ጥሩ» አለ። «ግን ሬሳ አይጮህም። ሲቀጠቀጥ ድምፁን የሰማሁት በሕይወት አለና ብረቱ ይመለስበታል።»

በሩ ተከፈተ። እስረኞቹን እያወጡ እግራቸውን ድንጋይ ላይ አጋደሙት። ብረት ሲሰበር ከሥር ጨርቅ ይነጠፋል፤ አዛዡ ጨርቁን ከለከለ። መዶሻው አንዴ ብረት፣ አንዴ አጥንት ያገኛል።

ያን ጊዜ አሮጊቷ በደም አፏ እሪ አለች። ወዲያው ገባኝ፤ ሁላችንም እሪ አልን፤ ገበያው በሙሉ እሪ አለ። እኛ እስከጮህን ድረስ የነሱ ድምፅ አይሰማም። «ዝም በሉ!» እያለ አስገረፈን፤ አለንጋ ያረፈባት ሁሉ ይብስ ጮኸች። አለንጋው የጠቀመን ያን ቀን ብቻ ነው።

የባሌ ተራ ደረሰ። መዶሻው ስቶ ቁርጭምጭሚቱን ሲያደቀው አፉ እስከ ጉሮሮው ሲከፈት አየሁ። ጮሆ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ኋላ ስጠይቀው «እኔ የሰማሁት አንቺን ነው» አለኝ።

መጨረሻ የቀረው የአሮጊቷ ልጅ ነበር። ሲያወጡት ስታየው አንጀቷ አልቻለም፤ እጇን አንስታ አዲስ ሙሾ ልትገጥም ቃተተች። አልቃሽ እጇን ስታነሳ ግጥሙ እንዲሰማ ለቀስተኛው ዝም ይላል፤ ከልጅነታችን ያደግንበት ወግ ነው። እኔም፣ ሴቶቹም፣ ያ ሁሉ ገበያተኛም ዝም አልን። መዶሻው ወረደ።

«እናቴን!» አለ ልጁ።

አዛዡ ፈገግ አለና ባለእጁን «መልስበት» አለው።

የሌሎቹ ቁስል እየጠገገ ሄደ። ባሌ በኋላ ተፈትቶ፣ እያነከሰ ከኔ ጋር አረጀ። የአሮጊቷ ልጅ ግን ዓመቱ ሳይዞር እዚያው ጨለማ ቤት ሞተ። ያው ባለእጅ መጥቶ ብረቱን ሰበረለት፤ ጨርቅም አነጠፈለት።

ለቅሶው ላይ ሁላችንም ነበርን። ሬሳው ሲወጣ አሮጊቷ ሙሾ ልታወርድ እጇን አነሳች። ከመካከላችን ዝም ለማለት የደፈረ አልነበረም። እሪ እንዳልን ቀጠልን። ቆማ ትንሽ ጠበቀችን፤ ከዚያ እጇን አወረደችና ከኛው ጋር ጮኸች።