ሆዱ የተቀባ ሳጥን

ልጅ ሳለሁ፣ አባታችን ከሞተ በኋላ፣ ማታ ማታ የማመሸው በአጎቴ በአያ ደምሴ ቤት ነበር። አያ ደምሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከሞላሌ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን የአናጢነት ሥራ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀን ያርሳሉ፤ ሲመሽ ከእሳቱ ዳር ቁጭ ብለው የላጉትን እንጨት ይቀባሉ። ያኔ በእኛ ቤት የሚነደው ኩበት ነው፤ ጭሱ ዓይን እየቆጠቆጠ፣ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ እየተርገበገበ፣ ከፍሙ አጠገብ የተልባ ዘይት በሸክላ እየሞቀ፣ ያ ሁሉ ሽታ ተደባልቆ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። «እማማ፣ ሽታ እንዴት ይጻፋል?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ!

የአያ ደምሴ ተረት ሁሉ የእንጨት ነበር። የጦጣውንና የጅቡን ለሌላ ሰው ትተውታል። ጨርቃቸውን ዘይት ውስጥ ነከር አድርገው፣ «እንጨት ሲናገር የሰማ ማነው?» ይሉናል። እኔ፣ የእሳቸው ልጅ ሙሉ፣ የጎረቤት ልጆችም፣ ባንድ አፍ «አንቱ!» እንላለን። «እንግዲያው ዝም በሉና ይናገር።»

እንጨት ምን ይቀባ ተብሎ ሲመረጥ፣ ይሉ ነበር፣ መጀመሪያ ከማን ጋር ሊኖር እንደሆነ ይጠየቃል። ገበታ ከሆነ ከሰው አፍ ጋር ሊኖር ነውና ከተልባ ዘይት በቀር ሌላ ነገር አይነካውም። መቋሚያ ከሆነ ተዉት፣ የባለቤቱ እጅ ራሱ ያወዛዋል። በር ከሆነ ዕድሜውን ከፀሐይና ከዝናብ ጋር ሲጣላ ሊኖር ነው፤ ዘይቱን ጠጥቶ ጠጥቶ እምቢ እስኪል ያጠጡታል፣ ከላዩ ሰም ይጨምሩለታል። የጥድ ሳጥን ግን… እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኛም ተስበን ወደ ጉልበታቸው እንጠጋለን።

አንድ ጥድ ነበር አሉ። የንጉሥ ካባ ማስቀመጫ ሊሆን ሲቆረጥ አናጢውን ለመነው፦ «ውጪዬን እንዳሻህ አልብሰኝ፤ ሆዴን ግን ራቁቱን ተውልኝ፤ የምተነፍሰው በእሱ ነው።» አናጢው ግን ንጉሥ ፊት ለመመስገን የቸኮለ ሰው ነበርና ሆዱንም በሰም መርጎ አብለጨለጨው። ንጉሡ አየ፣ ወደደ፣ ሸለመ። ክረምቱ አልፎ ክዳኑ ሲነሣ ካባው ወንፊት ሆኗል። «ምነው ጥድ፣ ብል ካባዬን ሲጨርሰው ዝም ትላለህ?» ቢለው፣ ጥዱ አፉ ተለጉሞ ምን ይመልስ! ኋላ አንዲት አሮጊት በቢላዋ ሰሙን ፋቅ ብታደርገው፣ እፎይ አለ፤ ትንፋሹም ቤተ መንግሥቱን ሞላው። «እንዴት አለ?» ይሉናል አያ ደምሴ። «እፎይ!» እንላለን ሁላችን፣ ደረታችን እስኪነፋ። ያን ጊዜ አንድ የጥድ ፍቅፋቂ አንሥተው በየአፍንጫችን ሥር ያዞሩልናል። ወይ ደስታ! ያኔ ጥድ እውነት የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ሳይሞት ከጓሯችን አንድ ጥድ ጥሎ፣ አሰንጥቆ፣ ሳንቃውን እንዲደርቅ ቆጥ ላይ ደርድሮት ነበር። የታሰበው ለታላቅ እህቴ ለእታበባ የሙሽራ ሳጥን ነው። ሙሽራ ስትዳር ባናዋን፣ የሌሊት መደረቢያዋን፣ ይዛ ትሄዳለች፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ካለ አንድ ሌሊት መንዝ ይደርና ይወቀው። የእታበባን ባና እናቴ ናት ከበጎቻችን ጠጉር የፈተለችው። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ ፈትሉን አልተወችም፤ እያለቀሰች ትፈትል ነበር፣ እንዝርቷ በእንባ ይረጥባል። ባና ደግሞ የሱፍ ነገር ነው፤ ብል አይምረውም፤ ከብል የሚያስጥለው የጥድ ትንፋሽ ነው።

እታበባ እንደ ታጨች አያ ደምሴ ራሳቸው መጥተው ሳንቃውን ከቆጡ አወረዱ። «የወንድሜ አደራ ነው፤ ከእኔ እጅ በቀር ሌላ እጅ አይነካውም» አሉ። እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ እስኪያልቅ ወደ ቤታቸው እንዳንመጣ ተከለከልን። «ሙሽራ ሳትለብስ አትታይም!» እያሉ ያስቁናል፤ ለተረቱ ግን እሳቸው ወደ እኛ ቤት ይመጡ ጀመር። እኔ ሞኟ፣ ተረቱ ደጄ ድረስ መጣልኝ ብዬ በደስታ አልያዝ አልጨበጥ አልሁ።

ሠርጉ ሲቃረብ ሳጥኑ በሰው ትከሻ ገባ። ውይ ማማሩ! ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ። ከደብረ ብርሃን በሰው ያስመጡት ቫርኒሽ ነው ተባለ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ግን ሮጬ ክዳኑን አነሣሁና አንገቴን ከተትሁ፤ የአባቴን ጥድ ትንፋሽ ልሰማ። የተቀበለኝ አናት የሚበጥስ የቫርኒሽ ሽታ ነው። ውስጡም እንደ ውጪው ተቀብቷል፤ ጥጋጥጉ እንኳ አልቀረም።

«አያ!» አልሁ ጮክ ብዬ፣ «ሆዱን ለምን ቀቡት? እንዴት አድርጎ ይተነፍሳል?»

ልብ በሉልኝ፣ ክፋት አልነበረብኝም። ተረቱን ጠንቅቄ መያዜን ሰው እንዲያይልኝ ብዬ ነው፤ ይመርቁኛል ብዬ ነው የጠበቅሁት። ፊታቸው ለአንድ አፍታ ጠቆር አለ። ከዚያ ሳቁ።

«አይ እመቤት! ተረት እኮ ነው! ይህች ልጅ ነገ ደግሞ ቀበሮ አጫወተችኝ ብላ ትመጣላችኋለች።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጎረቤታችን «እባክዎ አያ ደምሴ፣ አፍንጫ ያውጡለት፣ እንዳይታፈን!» ብላ ጨመረችበት። እናቴ ጭኔን ይዛ ቆነጠጠችኝ። «አጎትሽን? በሰው ፊት? አርፈሽ ቁጭ በይ!»

ቁንጥጫው ወዲያው ተረሳኝ። ያልተረሳኝ ሳቃቸው ነው። ከፍሙ ዳር በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የነገሩኝን፣ እኔም እንደ ጸሎት የያዝሁትን ነገር፣ ራሳቸው ተረት ነው ብለው ሳቁበት። ያም ሆኖ ጥፋቱን ወደ ራሴ አዞርሁት። የሰማሁት በልጅ ጆሮ ነው፣ እሳቸው ይበልጥ ያውቃሉ አልሁ።

እታበባ ተድራ ወደ ራቤል ሄደች። ክረምቱ አልፎ ለመስቀል ልትጠይቀን ስትመጣ ባናውን በጀርባዋ አዝላ ነበር። እናቴ ተቀብላ አጥሩ ላይ ዘረጋችው። የጠዋት ፀሐይ ከአጥሩ ማዶ ነበረች፤ እኛ ከወዲህ ሆነን በባናው ውስጥ አየናት። እናቴ ጣቷን ባንዱ ቀዳዳ አስገባች፣ አወጣች፣ በሌላው አስገባች።

«ሳጥኑ ጥድ አይደለም፣ እምዬ» አለች እታበባ፣ እሷ ያጠፋች ይመስል መሬት መሬት እያየች። «ባለቤቴ በቢላዋ ፋቅ ቢያደርገው ቅላቱ የቀለም ነው። ከሥሩ ባሕር ዛፍ ነው።»

«ታዲያ የአባባ ጥድስ?» አልሁ።

እታበባ ዓይኗን ወደ እናቴ መለሰች። እኔ ግን እዚያው አጥሩ ሥር እንደ ቆምሁ ሆዱ ለምን እንደ ተቀባ ገባኝ። ራቁቱን ቢተውት ኖሮ መልኩ ያጋልጣቸው ነበር፤ ሽታ ማጣቱም ያጋልጣቸው ነበር። የቫርኒሹ ሽታ ሁለቱንም ሸፈነላቸው። ሳያውቁ የቀቡት አይደለም፤ ከሁላችንም ይበልጥ ስላወቁ ነው የቀቡት።

እናቴ ባናውን ከአጥሩ አነሣችና ማጠፍ ጀመረች። «ይህ ነገር ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ» አለች። «የማንን በሬ ተማምነን ነው የምንናገረው? በልግ ሲደርስ ማን ሊያርስልን ነው?» እውነቷን ነው፤ መሬታችንን የሚያርሱልን አያ ደምሴ ነበሩ። እታበባ ያንኑ ቀዳዳ ባና አዝላ ተመለሰች።

በጥር የአያ ደምሴ ልጅ ሙሉ ተዳረች። እኛም የቅርብ ዘመድ ነንና ሽር ጉድ ስንል ሰነበትን። የሙሉ ሳጥን ከቤቱ መካከል ተቀምጧል፤ ብልጭልጭ የለው፣ በሰም ብቻ የተወለወለ፣ ደብዘዝ ያለ። ሴቶቹ ከበውት፣ «ለሟች ወንድማቸው ልጅ ያንን የመሰለ ሠርተው፣ ለገዛ ልጃቸው ቫርኒሽ ሰሰቱ! እንዲህ ያለ አጎት ከየት ይገኛል!» ይባባላሉ። እናቴ ሞሰብ ተሸክማ በመካከላቸው አለፈች፤ ሰምታለች፣ አልዞረችም።

ሰው ለምሳ ሲነሣ ክዳኑን ከፈትሁት። ምን ልበላችሁ… አባቴ ያንን ዛፍ የጣለ ዕለት ቀሚሴን ይዞ ሲያቅፈኝ የሸተተኝ ሽታ ነው። ከሳንቃው ባንዱ ላይ የበግ ዓይን የመሰለ ጉጥ አለ፤ ቆጡ ሥር እየተኛሁ ዓይኔ እስኪከደን የማየው ጉጥ ነው፣ አልስተውም። እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ሻካራ ነው፣ ምንም አልተቀባም።

አያ ደምሴ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። አዩኝ፣ ጉጡንም አዩት። ክዳኑን ከእጄ በቀስታ ወስደው ዘጉት።

«ክፍት አይተውም፣ እመቤት» አሉኝ፤ «ትንፋሹ ይወጣል።»

ድምፃቸው ያው የማታው ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የሚያባብል። ቢቆጡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤት ለተረት አልሄድሁም። «እመቤት ምነው ጠፋች?» ብለው እናቴን ቢጠይቋት «ትልቅ ሰው ሆነች» አለቻቸው አሉ። በልጅ ዓይኔ ግን ሲያርሱልን አይቻቸዋለሁ፤ ፈሩን አጥልቀው፣ ዳር ዳሩን ሳይዘሉ፣ ለራሳቸው መሬት እንደሚያርሱት አድርገው። እሱንስ ምን ልበለው? እስከ ዛሬ ማሰሪያ አላገኘሁለትም። እኔ ስዳር እናቴ «ሳጥንሽን ማን ይሥራልሽ?» ብትለኝ አልፈልግም ብዬ ባናዬን በስልቻ ይዤ ሄድሁ። የባሌ ወገኖች ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

አሁን በእርጅናዬ የትንሹ ልጄ ሚስት መሐል ሜዳ ቁም ሳጥን ታሠራ ኖሮ፣ ከአናጢው ቤት ሆና ደወለችልኝ። «እማማ፣ ውስጡንም ቫርኒሽ ልቀባው ወይ ይለኛል፤ ምን ልበለው?» እንጨቱ ምንድን ነው ብላት ጥድ ነው አለችኝ። «ውጪውን እንደ ወደድሽ፤ ውስጡን እንዳይነካው በይው። ደግሞ ሳትቀበዪው አሽትቺው፤ ካልሸተተሽ ጥለሽው ነይ» አልኋት። «ውይ እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» ስትል ስማቸው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። «የድሮ ሰው» አልኋት።

ምን እንደ ቀረኝ ብትጠይቁኝ፣ ይህ ነው የቀረኝ። በትዳሬ ዘመን ሁሉ ከአያ ደምሴ ከሰማሁት ውስጥ አንድ ውሸት ስፈልግ ኖርሁ። ገበታዬን በተልባ ዘይት ቀባሁት፣ እስካሁን ይበላበታል። በሬን ዘይት አጠጥቼ ሰም ጨመርሁበት፣ ስንት ክረምት ቻለ። የባሌን መቋሚያ ሳልቀባ ተውሁት፣ እጁ አወዛው። ባንዱ እንኳ ቢሳሳቱልኝ ኖሮ፣ ሰውየው ድሮም ቀጣፊ ነበሩ ብዬ ሁሉንም አራግፌ በተገላገልሁ ነበር። አልተሳሳቱልኝም።