ማንም ሳይገባ ያለቀው ወረፋ

ሲፈን አዲስ አበባ ተምራ ጭሮ ስትመለስ እናቷ እማማ ተሾመች ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት አቃታቸው። "ዲዛይነር ናት" ብለው ተገላገሉ። በማግስቱ ሴቶች ጨርቅ ይዘው በሩን አንኳኩ።

"ልብስ አይደለም" አለቻቸው። "ሰው ስልክ ወይ ማሽን ሲነካ ግራ እንዳይገባው አስቤ ነው ገጹን የምሠራው።"

አንዷ ጨርቋን እያጠፈች "እና ለማሰብ ይከፈላል?" አለቻት። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ስሟ አሳቢዋ ሆነ። አሳቢዋ ዳቦ ገዛች፣ አሳቢዋ ጭቃ ረገጠች።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ቢቂላ ቀጠራት። ቢቂላ ኮምፒውተር ሻጭ ነው፤ ከኮምፒውተሩ የሚያውቀው ካርቶኑን ነው። ለአንድ ቢሮ የወረፋ ማሽን ሊያቀርብ ተዋውሏል። ባለጉዳይ ገብቶ መስታወቱን ይነካል፣ ቁጥር ይወጣለታል፣ ማሽኑ በሴት ድምፅ ሲጠራው መስኮት ይቀርባል። ማሽኑ ከተወደደ ሲፈን ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልተወደደ ወደ እናቷ ጓዳ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን ልያቸው" አለችው።

"የምን ሰዎች?"

"የሚጠቀሙበትን።"

"ሰው አይተሽ አታውቂም? መስኮቱን ክፈቺና እይ! አንቺ ቀለሙን አሳምሪ። ሰማያዊ አድርጊው፣ ባንክ ይመስላል።"

እሷ ግን ተደብቃ፣ ካርቶን ላይ የማሽኑን ፊት ሥላ የገለምሶ ሚኒባስ መናኸሪያ ሄደች። ጫት ነጋዴዋ መይሙና ከሩቅ አይታት ጮኸች፤ "ኑ እዩልኝ! የተማረች ልጅ ካርቶን ታስነካለች! እኛ ያልተማርነው በካርቶን ቲማቲም እንይዛለን!" ሰው ሳቀ፤ እየሳቀም ነካ። ሲፈን ቁጥር እየጠራች ታያለች። አንድ ነገር አስተዋለች። የተጠራው ሰው ሲነሳ በዕድሜ የሚበልጠው ከመጣ "ይለፉ አባቴ" ብሎ ይቆማል። ተራዬ ነው የሚል የለም። ማን አሳድጎት!

ስለዚህ ማሽኑ እንዲጠብቅ አድርጋ ሠራችው። ያስቀደመ ሰው ቁጥሩ አይጠፋበትም፤ ሽማግሌውም ይገባል።

ቢቂላ ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ማሽን ገዝተን ሽማግሌ ልናስቀድም? እሱንማ ያለ መብራትም እናደርገው ነበር! አጥፊው። ተጠርቶ ያልመጣን ይለፈው፤ ይለምዱታል።"

አጠፋችው። ቋሚነት ነዋ።

የምረቃው ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቁጥሮች እንግዶቹ ለሙከራ ነክተው ወሰዷቸው። ሽማግሌው ኦቦ ሙሜ ከመቻራ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው ሲንገጫገጩ አድረው ለመሬት ጉዳያቸው መጥተዋል። የወጣላቸውን ቁጥር እንደ ክታብ ጨብጠዋል።

"ቁጥር ሰባት፣ መስኮት አንድ" አለ ማሽኑ።

ሙሜ ብድግ አሉ። በሩ ላይ ምርኩዝ የያዙ፣ ከእሳቸው የሚበልጡ ሰው ቆመዋል።

"ኮቱ፣ ይምጡ አባቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ወላሂ አልቀድምህም!"

"ወላሂ ይቀድማሉ!"

"ቁጥር ስምንት" አለ ማሽኑ። ስምንት ጎረምሳ ነው። ሁለት ሽማግሌ እየተማማለ በመሃል አይሾልክ ነገር፣ እሱም እጁን አጣምሮ ቆመ። "ቁጥር ዘጠኝ።" ዘጠኝ ደግሞ ከጎረምሳው ኋላ ቆመች።

ባለምርኩዙ በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ጸሐፊዋ ሮማነወርቅ ቀና ሳትል "ተራዎ አይደለም፣ ይመለሱ" አለቻቸው። ሙሜ ቀረቡ።

"ሰባት ነኝ።"

"ሰባት አልፏል።"

"የት አልፎ? እኔ እዚሁ ነኝ!"

ዘበኛው ጂብሪል የማሽኑን የሴት ድምፅ በአፍንጫው አወጣው፤ "ቁጥር ሰባት፣ ወደ ቤትዎ!" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሙሜ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ያንን ያየችው ሲፈን ብቻ ናት።

ሌላውም እርስ በርሱ "ይለፉ" ሲባባል፣ ማሽኑ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቁጥሩን ሁሉ ጠርቶ ጨረሰ። ሪፖርትም አወጣ። የቢሮው ኃላፊ አነበቡት። ድሮ እስከ ማታ የማያልቅ ሰው በግማሽ ቀን ተስተናግዷል። ጭብጨባ! ወደ ሲፈን ዞሩ።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው? እስቲ ምን ትያለሽ?"

ቢቂላ ዓይኑን አፈጠጠባት። እሷ የምታየው ግን የሙሜን ከንፈር ነው።

"የገባ ሰው የለም፣ ጌታዬ" አለች። "ማሽኑ ራሱ ጠራ፣ ራሱ አሳለፈ።"

ኃላፊው ወንበሮቹን አዩ። ቁጥሩን የጨበጠ ሕዝብ ተደርድሮ ያያቸዋል። "ታዲያ እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ያልሠለጠኑ ናቸው" አለ ቢቂላ ፈጥኖ። "ሥልጠና ይዘንላቸዋል።"

"በጣም ጥሩ። ይሠልጥኑ!" ጭብጨባ ደገመ። ሰርተፍኬቱን ቢቂላ ወሰደ።

ውጭ ሲወጡ መታወቂያዋን ከአንገቷ በእርጋታ አወለቀላት። "ለሰው ታስቢያለሽ አይደል፣ ልጄ? እስቲ አሁን ደግሞ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ለራስሽ አስቢ።"

አስፋልቱ ዳር ሙሜ ባጃጅ ይጠብቃሉ። ጂብሪል ከበሩ ላይ በጣቱ አሳያቸው፤ "አባ ሙሜ! ያቻትላችሁ፣ ሳጥኗን የሠራቻት!"

ሲፈን አፏን ከፈተች። እንዲጠብቅዎ አድርጌው ነበር ልትል ነው። ባጃጁ መጥቶ መሃላቸው ቆመ። ሳታስበው ወደ ኋላ አለች።

"ይግቡ አባቴ።"

ሙሜ አልገቡም። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"አላህ ላንቺም ቁጥር ይስጥሽ" አሉ። "ስትጠሪ የሚበልጥሽ ይምጣብሽ። ዞር ስትዪለት ይለፍሽ!"

"አትገቡም?" አለ ባለባጃጁ። ሁለቱም አልተነቃነቁም። ከኋላ የመጡ ልጆች ዘለው ገቡ፣ ባጃጁም ሄደ።