የፈንታሁን አንድ ግሥ

ፈንታሁን አስተማሪ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሺፋ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ «መምህር» እያለ ሲጠራው መስማት አንጀቴን ያሳርረው ስለነበር ነው። አንድ የአገሩ ልጅ እንደነገረኝ ሰውዬው በትውልድ ቀበሌው ትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ነበር። ከደወል እስከ ደወል ሥራ ስለሌለው ስድስተኛ ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እዚያ የሰማትን ነው ሪያድ ድረስ ተሸክሞ የመጣው።

የሰማውም አንድ ትምህርት ብቻ ነው። «ካን»፣ «ዊል»፣ «መስት» ከሚባሉት ረዳት ግሦች በኋላ «ጎ» የምትባለው ግሥ ምንም ሳይጨመርባት፣ ምንም ሳይቀነስባት፣ እንዳለች ትቀመጣለች። በቃ። በዚህች ሦስት ዓመት አስተማረ። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ ከጋራዥ ጀርባ ባለችው ክፍሉ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ምንጣፍ ላይ ይደረድርና በመጥረጊያ እጀታ ግድግዳውን እየመታ «አይ ካን ጎ» ይላል። እኛም እንደ አገራችን ተማሪ በአንድ ድምፅ እንደግማለን። «ሺ ካን ጎ» ይላል፤ እንደግማለን። «ጎዝ» ያለ ቆሞ ይቀራል። «ቱ ጎ» ያለ ሰው ካለ ክፍሉ በሙሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንድ ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነበርን።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ፈንታሁን ወረቀት እንኳ አልነበረውም፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ በእጁ ገብቶ አያውቅም። በ2006 ኅዳር ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ከየቤቱ ሲለቅም የት እንደተደበቀ እስከ ዛሬ አልተናገረም። ዘመቻው በረድ ሲል ብቅ አለና «የት ደርሰን ነበር?» አለን። የት እንደርሳለን? «ጎ» ላይ ነበርን።

እኔ ሲራጅ እባላለሁ፤ የማማ ሀያ ቤተሰብ ሾፌር ነኝ፤ ኢቃማ አለኝ፣ በሪያድም አሥር ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያ ክፍል የምሄደው ለመማር አልነበረም። የቤቱን ሠራተኛ አስናቀችን አድርሼ፣ እሷ ስትማር ከኋላ ተቀምጬ ልስቅበት ነው። ሌሎቹም አንዳንዴ ይስቃሉ። አስናቀች ግን ስቃ አታውቅም።

እሷ ምክንያት ነበራት። የዘመቻው ዓመት አልፎ በሚቀጥለው ክረምት፣ ውሏ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ማማ ሀያ ጠርታ እንዲህ አለቻት፦ «እህቴ ሱወይዲ ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት አላት። ትንሽ እንግሊዝኛ የምትችል ሞግዚት ትፈልጋለች። እሑድ ጠዋት ሂጂና ታይሽ። ከተቀበለችሽ ስፖንሰርነትሽን ወደ እሷ አዛውራለሁ። ካልተቀበለችሽ ኸላስ፣ ወደ አገርሽ ትገቢያለሽ።» አገሯ እናቷ ዘንድ የተወቻት ፋሲካ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት። የምታስተምራት እሷ ናት፤ አባት የለም።

ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ጁምዓ አስናቀች ከምንጣፉ ተነሥታ ቆመች።

«መምህር፣ እሑድ ይጠይቁኛል። ልጅ ማጠብ እችላለሁ፣ ማብላት እችላለሁ፣ ማስተኛት እችላለሁ የምትለዋን ብቻ ያስይዙኝ።»

ፈንታሁን የመጥረጊያውን እጀታ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «‹ጎ›ን ሳትጨርሺ?»

«‹ጎ›ንማ ቻልኳት።»

«ባለፈው ሳምንት ‹ቱ ጎ› ብለሻል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትምህርት በተራ ነው፣ አስናቀች።»

ንፉግ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። አያውቀውም። ማጠብ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያቺ መስኮት አልነገረችውም። «አላውቅም» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ሰው ፊት ከማፍር ሰው ይሙት የሚል ዓይነት ፍጡር ነው። ናቅሁት። እንደዚያ ቀን ሰው ንቄ አላውቅም።

ስንመለስ አስናቀች ከኋላ ወንበር ላይ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ መከርኳት።

«እህቴ፣ ብቻሽን አትሂጂ። አገራችን ያለ አማላጅ የሚለምን አለ? ለሚስትም ለሥራም ሰው ይላካል። ፈንታሁን ኮት ለብሶ ‹ተማሪዬ ናት› ቢልልሽ ይበቃል። እኔ ከመንገድ አነሳዋለሁ።»

«ይሄ አገር ይሆናል ብለህ ነው?»

«ኢንሻአላህ ይሆናል።»

እንደማይሆን አውቅ ነበር። በዚህ ከተማ ሴት ባዳ ወንድ አስከትላ የሕፃናት ትምህርት ቤት በር ላይ አትቆምም፤ ይህን በአሥር ዓመት ያልተማረ ሾፌር የለም። ግን ያ ደወል ደዋይ እንግሊዝኛ ከሚናገር ሰው ፊት ቆሞ አፉ ሲተሳሰር ማየት አማረኝ። ይህን ያህል ነበር የናቅሁት።

እሑድ ጠዋት ፈንታሁንን ከጋራዡ ጥግ አነሳነው። የተዋሰው ኮት እጅጌው እስከ ጣቱ ይደርሳል፤ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሱወይዲ ስንደርስ መኪናውን ከበሩ ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምኩ፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለቱ ወረዱ። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ለመሳቅ ተዘጋጀሁ።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፈንታሁንን ከእግር እስከ ራሱ አየውና አስናቀችን «ይሄ ማነው? ወንድምሽ ነው?» አላት።

«አይደለም። ኡስታዜ ነው» አለች፣ አስተማሪዬ ለማለት።

ዘበኛው ከወንበሩ ተነሣ። ለፈንታሁን እጁን ዘርግቶ «ኢቃማ» አለው።

ፈንታሁን እጁን ኮቱ ውስጥ ከተተ። ያወጣው እስክሪብቶውን ነው። እስክሪብቶውን አየው፣ ዘበኛውን አየው፣ ከዚያ በአረብኛ «አላውቃትም፤ መንገድ ጠይቄአት ነው» አለ። ዞረና፣ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ፣ ሄደ።

«ታዲያ ከማን ጋር መጣሽ?» አላት ዘበኛው።

አስናቀች ዞራ መኪናውን አየች።

የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነበር። ወርጄ «የቤቱ ሾፌር ነኝ፤ የላከችን ማማ ሀያ ናት» ማለት። ዘበኛ ሾፌር ያውቃል፤ በሩ ይከፈትላት ነበር። ግን ሰውዬው ከማን መኪና ወረደ መባሉ አይቀርም፤ ባዳ ወንድ በማማ ሀያ መኪና መጫኔ ይታወቃል፤ ሥራዬን አጣለሁ። ስልኬን አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። የደወለልኝ ሰው አልነበረም።

ጣቷን ወደ እኔ አልቀሰረችም። «ብቻዬን ነው የመጣሁት» አለች። ዘበኛው «ወንድ አስከትላ የምትመጣ እዚህ አትገባም» ብሎ ስሟን ጠየቃትና ወደ ውስጥ ደወለ። ስትመለስ፣ ምንም እንዳላየ ሰው «ምነው፣ አልገባሽም?» አልኳት።

«አልገባሁም።»

ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት በፊት ወሬው ማማ ሀያ ዘንድ ደርሷል። ሁለታችንንም ሳሎን አቆመችን። «ሲራጅ፣ በሩ ላይ ከእሷ ጋር የነበረውን ወንድ አይተሃል?» አለችኝ።

«ወላሂ አላየሁም፣ ማማ።»

አስናቀች የሻይ ትሪ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ልትናገር ትችል ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በዘጠነኛው ቀን የመውጫ ቪዛዋ ተመታ። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ልትወርድ ስትል «መምህርን እንዳትቀየመው» አለችኝ። «ወረቀት የለውም፤ ምን ያድርግ?» ስለ እኔ ምንም አላለችም።

በዚያ ሳምንት ጁምዓ ወደ ሺፋ ሄድኩ፤ ፈንታሁንን ሰው ፊት ላዋርደው። ስድቡን መኪና ውስጥ ስደረድር ነው የመጣሁት። ምንጣፉ ሞልቷል፤ የአስናቀች ቦታ ላይ አዲስ ሰው ተቀምጧል። ፈንታሁን ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ። ወዲያው ግን የመጥረጊያውን እጀታ አነሳና ወደ እኔ ጠቆመ።

«ሲራጅ፣ ሁልጊዜ ከኋላ ነህ። ተነሥ። ስለ ራስህ አንድ ዓረፍተ ነገር።»

ተነሣሁ። ኢቃማዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ከስድቡ አንድም አልመጣልኝ አለ።

«አይ ካን ጎ» አልኩ። መሄድ እችላለሁ። ከመኪናው እስከ ዘበኛው ወንበር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

«ትክክል ነው» አለኝ። «ቁጭ በል።»